ከጣውላው በፊት፦ በደባርቅ፣ በዳባትና በጨነቅ የተሰነጠቀ የአርማታ ወለልን መመርመር፣ መጠገንና ማስተካከል

በስሜን ደጋ ቤት የሚሠራ ሰው የእንጨት ወለል የሚመኝበት ምክንያት ግልጽ ነው። ደባርቅ ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ትገኛለች፤ ከእርሷ ተነሥቶ በሳንቃ በር በኩል ወደ ጨነቅ የሚወጣው መንገድ ደግሞ 3,600 ሜትር ገደማ ይደርሳል። በዚህ ከፍታ የሲሚንቶ ሊሾ በበጋ ሌሊትም ሆነ በክረምት ቀን የእግርን ሙቀት ይስባል። ስለዚህ አቅም ያለው ቤተሰብ፣ እንግዳ የሚቀበል ድርጅት ወይም ቢሮውን የሚያድስ መሥሪያ ቤት በነባሩ አርማታ ላይ ጣውላ ማስነጠፍን ይመርጣል። ወጪው ቀላል አይደለም፤ ጣውላው፣ ሞራሌው፣ ሚስማሩ፣ ቫርኒሹና የአናጢው ዋጋ ሲደመር ለአንድ ደመወዝተኛ ቤተሰብ የብዙ ወራት ቁጠባ ነው።

ጉዳቱ አብዛኛውን ጊዜ የሚገለጠው የመጀመሪያው ክረምት ሲያልፍ ነው። የጣውላዎቹ ጠርዝ ወደ ላይ ይነሣል፣ መካከላቸው ይጎደጉዳል፣ ሲረገጡ ይንቋቋሉ፣ አንዳንዱም ሚስማሩን ይዞ ይነቀላል። ባለቤቱ አናጢውን ይወቅሳል፤ አናጢው እንጨቱ እርጥብ ነበር ይላል፤ እንጨት ሻጩ በበኩሉ ጥፋቱን ወደ አናጢው ይመልሳል። ከሥር ያለውን አርማታ የሚጠይቅ ግን እምብዛም የለም። አርማታው በተሰነጠቀበት ቤት ደግሞ ስንጥቁ በሲሚንቶ ተለብጦ፣ ከላዩ ጣውላ ተመትቶ፣ ነገሩ እንደ ተዘጋ ይቆጠራል።

የዚህ ጽሑፍ መከራከሪያ አንድ ነው። በተሰነጠቀ አርማታ ላይ የተነጠፈን ወለል በዚህ አካባቢ በዋናነት የሚያበላሸው ስንጥቁ ራሱ ሳይሆን ስንጥቁ የሚጠቁመው ውሃና ሥራው የተሠራበት ወር ነው። በመሆኑም ጥገናው በሳምንት የሚጠናቀቅ ሥራ ሆኖ ሳይሆን አንድ ክረምትና አንድ በጋ የሚወስድ ሥራ ሆኖ መታቀድ ይኖርበታል። ከዚህ በታች የቀረበው ትንታኔ በኮንስትራክሽን ሙያ የታወቁ መመዘኛዎችን ከስፍራው ከፍታ፣ አፈርና የአየር ጠባይ ጋር ያዛምዳል።

አርማታው የፈሰሰበት ስፍራ

በሀገራችን የተለመደው የምድር ቤት ወለል አሠራር 25 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው የድንጋይ ንጣፍ፣ በላዩም 10 ሴንቲ ሜትር ገደማ አርማታ ነው። የድንጋይ ንጣፉ ክብደት ከመሸከሙም በላይ በድንጋዮቹ መካከል ያለው ባዶ ቦታ ከአፈር ወደ ላይ የሚሳበውን ውሃ ይቆርጣል። ይህ የሚሆነው ግን ድንጋዩ ንጹሕ ሲሆን ነው። ክፍተቱ በጭቃና በአፈር ከተሞላ ንጣፉ ውሃን እንደ መብራት ክር ወደ ላይ ይስባል። ከአርማታው ሥር መዘርጋት የሚገባው የፕላስቲክ ንጣፍ በብዙ መኖሪያ ቤቶች ውስጥ አይገኝም።

የስሜን ተራሮች ከሠላሳ ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት በፈሰሰ የእሳተ ገሞራ ቅልጥ የተገነቡ ናቸው። የዚህ ጥቁር ድንጋይ ጠጠር ለአርማታ እጅግ ተስማሚ ነው፤ ድንጋዩ ፈርሶ የሚፈጥረው ሸክላማ አፈር ግን ለወለል ጠላት ነው። በተለይ ውሃ በሚቋጥረው ሜዳማ መሬት ላይ የሚገኘው መረሬ በክረምት ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፣ በበጋ ደርቆ ይሰነጣጠቃል። በእንዲህ ያለ አፈር ላይ በቀጥታ የተሠራ ወለል በየዓመቱ አንድ ጊዜ ከፍ፣ አንድ ጊዜ ዝቅ ይላል። የሰው እጅ ይህን እንቅስቃሴ በሲሚንቶ ሊያቆመው አይችልም።

ከፍታውም የራሱ ሚና አለው። በደባርቅ ያለው የአየር ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው 70 በመቶ ገደማ ነው፤ በጨነቅ ከዚህም ያንሳል። የሳሳ አየር ተንን ቶሎ ያሳልፋል። በዚህ ላይ የበጋው ፀሐይና ነፋስ ሲጨመር አዲስ የፈሰሰ አርማታ ገና ሳይጠነክር ውሃውን ያጣል። በሙያው እንደሚታወቀው፣ ከአንድ ካሬ ሜትር አርማታ ገጽ በሰዓት 1 ኪሎ ግራም ገደማ ውሃ የሚተን ከሆነ የመሰንጠቅ አደጋው ከፍተኛ ነው። ብዙ ወለሎች ገና በመጀመሪያው ቀን የተሰነጠቁት በዚህ ምክንያት ነው። ሌሊቱ ደግሞ ተቃራኒውን ችግር ያመጣል። በጨነቅ የበጋ ሌሊት ሙቀቱ ከዜሮ በታች ሊወርድ ይችላል፤ ከ5 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ በታች ሲሚንቶ የመጠንከር ሥራውን እጅግ ያዘገያል፤ ሳይጠነክር የቀዘቀዘ ውሃ በረዶ ሲሆን ደግሞ አርማታውን ከውስጥ ይፈረካክሰዋል።

ስንጥቅን ማንበብ

ሁሉም ስንጥቅ አንድ አይደለም። አጫጭር፣ ጎን ለጎን የተሰለፉና ጥልቀት የሌላቸው ስንጥቆች አብዛኛውን ጊዜ ከላይ የተጠቀሰው የመጀመሪያ ቀን መድረቅ ውጤቶች ናቸው። ክፍሉን ከግድግዳ እስከ ግድግዳ በአንድ መሥመር የሚያቋርጥ ስንጥቅ ደግሞ ባመዛኙ አርማታው በወራት ውስጥ ሲደርቅ በመኮማተሩ የመጣ ነው። አርማታ በአንድ ሜትር ርዝመት ከግማሽ ሚሊ ሜትር ያላነሰ ሊኮማተር ይችላል። የ6 ሜትር ክፍል እንግዲህ 3 ሚሊ ሜትር ያጥራል ማለት ነው። ይህን የሚቀበል መገጣጠሚያ ካልተተወለት አርማታው ራሱ መገጣጠሚያ ይፈጥራል። 10 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ወለል በየ3 ሜትሩ ገደማ መቆረጥ ይገባው ነበር፤ በመኖሪያ ቤት ይህን የሚያደርግ ግንበኛ ጥቂት ነው።

እነዚህ ሁለቱ ዓይነቶች ከጊዜ በኋላ ይረጋሉ። አሳሳቢው ሦስተኛው ነው፤ ይኸውም በአንዱ በኩል ያለው አርማታ ከሌላው ከፍ ወይም ዝቅ ያለበት ስንጥቅ። ቀጥ ያለ የአሉሚኒየም ዘንግ (ስታጃ) በስንጥቁ ላይ አጋድሞ ከሥሩ የሴጌቶ ምላጭ ማስገባት ይህን ለመለየት በቂ ነው። ምላጩ ከግማሽ ሚሊ ሜትር ጥቂት የሚበልጥ ውፍረት ስላለው በአንድ በኩል ብቻ ከገባ ደረጃ መፈጠሩን ያሳያል። በክረምት የሚይዝና በበጋ በቀላሉ የሚከፈት በር፣ ከወለሉ ስንጥቅ ጋር የተያያዘ የግድግዳ ስንጥቅ፣ ከግድግዳው ሥር የተላቀቀ ሊሾ አብረው ከታዩ ምክንያቱ አፈሩ መሆኑ አያጠራጥርም።

ስንጥቁ የረጋ ነው ወይስ የሚንቀሳቀስ? ይህን ጥያቄ ሳይመልሱ ወደ ጥገና መግባት ገንዘብን መጣል ነው። መመለሻው መንገድ ርካሽ ነው። በስንጥቁ ላይ ቀጭን የመስታወት ቁራጭ በሁለቱም ጫፍ በኤፖክሲ ተጣብቆ ቀኑ ይጻፍበታል፤ ስንጥቁ ከተንቀሳቀሰ መስታወቱ ይሰበራል። ጀሶም ለዚህ ያገለግላል፤ ነገር ግን እርጥበት ባለበት ወለል ስለሚለሰልስ አስተማማኝነቱ ያንሳል። ከሁለቱም የሚሻለው በስንጥቁ ግራና ቀኝ ሁለት ብሎኖች ተክሎ ርቀታቸውን በካሊፐር በየሁለት ሳምንቱ መመዝገብ ነው፤ መስታወት መሰበሩን ብቻ ሲናገር ይህ ምን ያህል እንደ ተንቀሳቀሰ ይናገራል። ምዝገባው ከሰኔ በፊት ተጀምሮ ቢያንስ እስከ ጥቅምት መዝለቅ አለበት፤ አፈሩ የሚያብጥበትንና መድረቅ የሚጀምርበትን ጊዜ ያላየ ምዝገባ ፍርድ ሊሰጥ አይችልም።

በጨነቅ አንድ ተጨማሪ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። አርማታ በሙቀት ይረዝማል፤ በአንድ ሜትር ርዝመት ለአንድ ዲግሪ ለውጥ አንድ መቶኛ ሚሊ ሜትር ገደማ። ፀሐይ በመስኮት የሚገባበት፣ ማሞቂያ የሌለው የ5 ሜትር ክፍል ወለሉ በንጋትና በከሰዓት መካከል 15 ዲግሪ ቢለዋወጥ ስንጥቁ ሦስት አራተኛ ሚሊ ሜትር ይከፈታል፣ ይዘጋል። ስለዚህ ልኬቱ ዘወትር በአንድ ሰዓት፣ ለምሳሌ ከንጋቱ 12 ሰዓት ላይ መወሰድ አለበት፤ አለዚያ የቀኑ እንቅስቃሴ የወሩን ይሸፍነዋል። የቀኑን ልዩነት ለማወቅ ሲባል ብቻ በአንዳንዱ ቀን ከሰዓት በኋላ በ9 ሰዓት ሁለተኛ ልኬት መጨመር ይቻላል።

የማይታየው ውሃ

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ እንግባ። ከሥር እርጥበት የሚያገኝ ጣውላ የታችኛው ገጹ ከላይኛው ይበልጥ ያብጣል፤ ስለዚህ ጠርዞቹ ወደ ላይ ይነሣሉ፣ መካከሉ ይጎደጉዳል። ይህ ምልክት ከታየ የችግሩ ምንጭ ከሥር እንጂ ከላይ አይደለም። ውሃው ደግሞ ከሦስት ቦታ ሊመጣ ይችላል፦ ከጣሪያ ወርዶ በቤቱ ዙሪያ ከሚተኛው ዝናብ፣ በድንጋይ ንጣፉ በኩል ከአፈር ከሚሳበው፣ ወይም ጥጋኙ ራሱ ይዞት ከገባው።

የመጀመሪያውን በመቆጣጠር መጀመር ርካሹ ነው። 60 ካሬ ሜትር የቆርቆሮ ጣሪያ ባለው ቤት 30 ሚሊ ሜትር ዝናብ ሲዘንብ 1,800 ሊትር፣ ማለትም ዘጠኝ በርሜል ውሃ ከጠርዙ ይወርዳል። አሸንዳ ከሌለ ይህ ሁሉ ከመሠረቱ አጠገብ ይፈስሳል። አሸንዳ መስቀል፣ ውሃውን በቦይ ማራቅ፣ በቤቱ ዙሪያ ቢያንስ አንድ ሜትር ስፋት ያለውና ወደ ውጭ የሚያዘነብል ሊሾ መሥራት ከማናቸውም የውስጥ ጥገና መቅደም አለበት። ለውስጡ ኤፖክሲ ገንዘብ አውጥቶ ለውጩ አሸንዳ መሰሰት በብዙ ቤት የሚታይ የተገላቢጦሽ ሒሳብ ነው።

የአርማታውን እርጥበት ለማወቅ የተለመደው ቀላል ዘዴ 45 በ45 ሴንቲ ሜትር የሆነ ፕላስቲክ በአራቱም ጠርዝ በፕላስተር አሽጎ ቢያንስ ለ16 ሰዓት መተው ነው። ከሥሩ ጤዛ ከታየ ወይም አርማታው ከጠቆረ ወለሉ እርጥብ ነው። በዚህ አካባቢ ዘዴው ከሚገባው በላይ ሊታመን አይገባም። በቀዝቃዛ ሌሊት ፕላስቲኩ ራሱ ስለሚቀዘቅዝ ጥቂት ተን ብቻ እንኳ ጤዛ ይሆናል፤ ፀሐይ ባረፈበት ቀን ደግሞ ምንም ላይታይ ይችላል። እርጥብ መሆኑን ሲያሳይ እንደ ማስጠንቀቂያ ይወሰድ፤ ደረቅ ሲያሳይ ግን ለማንጠፍ ፈቃድ አይደለም።

የተሻለው ዘዴ አርማታው ከጎኑ ያለውን አየር ምን ያህል እንደሚያረጥብ መለካት ነው። 10 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ባለውና በላይኛው ገጹ ብቻ በሚደርቅ ወለል 4 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው ቀዳዳ ተበስቶ፣ ተጠርጎ፣ በቱቦ ተሸፍኖ አፉ ይታሸጋል፤ ከቀናት በኋላ የእርጥበት መለኪያ ይገባበታል። ቀዳዳ መብሳት ካልተፈለገ መለኪያው በአርማታው ላይ ተቀምጦ በስፖንጅ በተሸፈነና ዙሪያው በታሸገ ሣጥን ይከደናል፤ ንባቡ መለወጥ እስኪያቆም ቢያንስ ሦስት ቀን ይቆያል። ለእንጨት ወለል በስፋት የሚታወቀው ወሰን 75 በመቶ አንጻራዊ እርጥበት ነው። ትንንሾቹ ዲጂታል መለኪያዎች ግን ሊሳሳቱ ስለሚችሉ አስቀድመው መፈተን አለባቸው። መፈተኛው በየወጥ ቤቱ አለ። ጨው በጥቂት ውሃ ተለውሶ፣ ገና ያልሟሟ ጨው እየታየበት፣ ከመለኪያው ጋር በአንድ በታሸገ ዕቃ ውስጥ ለአንድ ቀን ከተቀመጠ በውስጡ ያለው አየር ወደ 75 በመቶ ይደርሳል። ይህ ቁጥር በሙቀትና በቅዝቃዜ ብዙም አይለዋወጥም። የምንፈልገው ወሰንና የጨው ድብልቁ የሚሰጠው ቁጥር መገጣጠማቸው ዕድል ነው፤ ዕድሉን ግን መጠቀም ይገባል።

ከአርማታው የተፈለፈለ ናሙና ከካርባይድ ዱቄት ጋር በታሸገ ጠርሙስ የሚፈተንበት መሣሪያም አለ። በከፍታ ምክንያት ንባቡ ይዛባል የሚል ጥርጣሬ ሊነሣ ይችላል፤ ሆኖም መለኪያው የሚያነበው ጠርሙሱ ከተዘጋ በኋላ የተፈጠረውን ተጨማሪ ግፊት በመሆኑ የሳሳው አየር አያሳስተውም። የሚያሳስተው ቅዝቃዜ ነው፤ ጠርሙሱና ናሙናው በክፍል ሙቀት ላይ መሆን አለባቸው።

መድረቅ ስንት ጊዜ ይፈጃል? ዝናብ የማያገኘው አዲስ አርማታ በመልካም አየር ለ2.5 ሴንቲ ሜትር ውፍረት አንድ ወር ያህል እንደሚፈልግ በልምድ ይነገራል። በዚህ ስሌት 10 ሴንቲ ሜትር አራት ወር ነው፤ በቅዝቃዜ ይረዝማል። ከሥሩ ውሃ የሚሳብ ወለል ግን በዚህ ስሌት አይገዛም። እርሱ ምንም ያህል ቢጠበቅ አይደርቅም፤ የሚያስፈልገው ጊዜ ሳይሆን መከለያ ነው።

ጥገናው

የረጋ ስንጥቅ በሲሚንቶ ስለተለበጠ አይጠገንም፤ ልብጡ እንደ ቅርፊት ተነሥቶ ይወድቃል። ስንጥቁ በግራይንደር ወይም በመሮ ተከፍቶ 1 ሴንቲ ሜትር ስፋትና 2 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው ቦይ ይሆናል፤ ልቅ የሆነው ሁሉ ይወገዳል፤ አቧራው በብሩሽና በነፋስ ይጠረጋል። አቧራውን በውሃ ማጠብ የተለመደ ቢሆንም ልናደርቀው የምንደክምበትን ወለል መልሶ ማርጠብ ነው፤ በደረቅ መሥራት ደግሞ ሳንባን የሚጎዳ አቧራ ስለሚያስነሣ ደኅና የአፍና የአፍንጫ መሸፈኛ ግድ ይላል። ከዚያ በኋላ ቦዩ በኤፖክሲ ይሞላል። እርሱ ካልተገኘ ማጣበቂያ በተጨመረበት ውሃው ያነሰ የሲሚንቶና የደቃቅ አሸዋ ልውስ ይጠቀጠቃል። አሸዋው ንጹሕ መሆኑን በጠርሙስ ውሃ ውስጥ በጥብጦና አስተኝቶ ማየት ያሻል፤ ከላይ የሚረጋው ደለል በሀገራችን መመዘኛ ከሚፈቀደው 6 በመቶ ከበለጠ አሸዋው መታጠብ አለበት።

ሰፋ ያለና የረጋ፣ ነገር ግን ሁለቱ ወገኖች አንድ ሆነው እንዲሠሩ የሚፈለግበት ስንጥቅ ይሰፋል። በየ25 ሴንቲ ሜትሩ ገደማ ስንጥቁን የሚያቋርጡ አጫጭር ቦዮች ተቆርጠው በእያንዳንዳቸው የ8 ሚሊ ሜትር ፌሮ ቁራጭ በኤፖክሲ ይቀበራል። ይህ መልካም ዘዴ በተሳሳተ ቦታ ጎጂ ይሆናል። የሚንቀሳቀስ ስንጥቅ በፌሮ ቢሰፋ አርማታው ከስፌቱ አጠገብ አዲስ ስንጥቅ ያወጣል። ለሚንቀሳቀሰው የሚስማማው በሚለጠጥ ማሸጊያ ሞልቶ እንደ መገጣጠሚያ መተውና የእንጨት ወለሉን በላዩ ሳያጣብቁ ማሳለፍ ነው።

የመረሬ እብጠት በየዓመቱ የሚያነሣውን ወለል በተመለከተ ግን ሙያዊ ሐቁን ለባለቤቱ መንገር ይሻላል፦ አርማታው ፈርሶ፣ አፈሩ ተነሥቶ፣ በተጠቀጠቀ ሰሌክትና በንጹሕ ድንጋይ ተተክቶ፣ የፕላስቲክ ንጣፍ ተዘርግቶ እንደገና መሠራት አለበት። ለዚህ አቅም ካልተገኘ ወለሉን በሊሾው ትቶ ምንጣፍ መጠቀም በሚያብጥ መሬት ላይ ውድ ጣውላ ከመምታት የተሻለ ነው።

ማስተካከል

ስንጥቁ ከተጠገነ በኋላ የወለሉ ውሃ ልክ ይመረመራል። ወለሉ በኖራ በየግማሽ ሜትሩ ተሠምሮ በየመገናኛው ከፍታው በውሃ ቱቦ ወይም በሌዘር ይለካል። በቱቦው ውስጥ የአየር አረፋ እንዳይኖር መጠንቀቅ ያስፈልጋል። የተለመደው ወሰን በ2 ሜትር ስታጃ ሥር ከ3 ሚሊ ሜትር የማይበልጥ ክፍተት ነው። ከፍ ያሉ ቦታዎች ይሞረዳሉ። ዝቅ ያሉትን መሙላት ግን ክርክር የሚያስነሣ ጉዳይ ነው።

በልማድ ጉድጓዳማው ወለል በሲሚንቶና አሸዋ ልስን ይሞላል። ልስኑ ከአሮጌው አርማታ ጋር እንዲጣበቅ ገጹ ተሸክሽኮ፣ ማጣበቂያ ተቀብቶ፣ ውፍረቱም ከ2.5 ሴንቲ ሜትር ያላነሰ መሆን አለበት፤ በስስ የተለበጠ ልስን ይላቀቃል፣ ሲመቱትም ባዶ ድምፅ ይሰጣል። አሁን የሚያመጣውን ውሃ እናስላ። 4 ሴንቲ ሜትር ልስን በአንድ ካሬ ሜትር 16 ኪሎ ግራም ያህል ሲሚንቶና 8 ሊትር ያህል ውሃ ይይዛል። ሲሚንቶው ለራሱ የሚያስረው ከክብደቱ ሩብ የሚያህል ውሃ፣ ማለትም 4 ሊትር ነው። ቀሪው 4 ሊትር በተን መልክ መውጣት አለበት። በ20 ካሬ ሜትር ክፍል 80 ሊትር ይሆናል። በሳምንቱ ጣውላ ከተመታበት ይህ ሁሉ የሚወጣው በእንጨቱ ውስጥ አልፎ ነው። ስንጥቁን በጥንቃቄ የጠገነ ባለሙያ በማስተካከያው ልስን ሥራውን ሊያፈርሰው የሚችለው በዚህ መንገድ ነው።

ራሱን በራሱ የሚያስተካክል የፋብሪካ ድብልቅ በስሱ ስለሚፈስስና ውሃውን ቶሎ ስለሚያስር ከዚህ ይሻላል፤ ሆኖም ዋጋው ከፍ ያለ ነው፤ በቅዝቃዜም በቅጡ አይፈስስም። ስለዚህ ከሥሩ ፕላስቲክ በሌለው የደባርቅና የዳባት ወለል፣ ይልቁንም ሲሚንቶውና አሸዋው በመኪና ተጭኖ በሚወጣበት በጨነቅ፣ ተመራጩ ማስተካከያ ውሃ የሌለው ማስተካከያ ነው። በተጠረገው አርማታ ላይ ወፍራም ፕላስቲክ ይዘረጋል፤ መገጣጠሚያው 20 ሴንቲ ሜትር ተደራርቦ ይታሸጋል፣ በግድግዳው ሥርም ወደ ላይ ይታጠፋል። በላዩ የደረቀ ሞራሌ በየ40 ሴንቲ ሜትሩ ይጋደምና ከሥሩ ፊትና ኋላ በሚገቡ ጥንድ ሽብልቆች ውሃ ልኩን እንዲይዝ ይደረጋል። ሽብልቆቹ ከተስተካከሉ በኋላ በሚስማር ይያዛሉ። ሞራሌው ፕላስቲኩን በሚበሳ ብሎን ከአርማታው ጋር አይታሰርም። በዚህ አሠራር ከ3 ሚሊ ሜትር በላይ የሆነ ጉድለትም ቢሆን ወለሉን አያዛባም፤ የቀረ ትንሽ የስንጥቅ እንቅስቃሴም ወደ ጣውላው አይተላለፍም። ጉድለቱ ከፍታ መጨመሩ ነው። የ5 ሴንቲ ሜትር ሞራሌና የ2 ሴንቲ ሜትር ጣውላ ወለሉን 7 ሴንቲ ሜትር ስለሚያነሡት በሮቹ መቆረጥ፣ ደፉም መታየት ይኖርበታል። ይህ ሥራ ከመጀመሩ በፊት እንጂ ሲያልቅ የሚታወስ ጉዳይ መሆን የለበትም።

እንጨቱ፣ ወሩና ክፍተቱ

በአካባቢው በቅርብ የሚገኘው ባሕር ዛፍ ነው። ጠንካራና ርካሽ ቢሆንም ሲደርቅ ብዙ ይኮማተራል፣ ይጣመማልም፤ ለወለል የሚውለው ተሰንጥቆ በጥላ ሥር ተደርድሮ ወራት የቆየ መሆን አለበት። ጽድ ይበልጥ የረጋ እንጨት ነው፤ ነገር ግን የሀገር በቀል ዛፍ በመሆኑ ከሕጋዊ ምንጭ መምጣቱ መረጋገጥ ይገባዋል። የስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ እ.ኤ.አ. ከ1978 ጀምሮ በዓለም ቅርስነት የተመዘገበ ጥብቅ ስፍራ ስለሆነ በጨነቅ ዙሪያ ያለው አስታም ሆነ ሌላ ዛፍ ለግንባታ አይነካም፤ ጣውላው ከታች ይወጣል።

እንጨት ከአየሩ ጋር ሲላመድ የሚረጋበት የእርጥበት መጠን አለው፦ በ40 በመቶ አንጻራዊ እርጥበት 8 በመቶ ገደማ፣ በ65 በመቶ 12 በመቶ ገደማ፣ በ80 በመቶ 16 በመቶ ገደማ። የክፍሉ አየር በመጋቢት 40፣ በነሐሴ 80 በመቶ ነው ብለን ብናስብ ልዩነቱ 8 በመቶ ይሆናል። በጎን የተሰነጠቀ ጣውላ በእያንዳንዱ በመቶ ለውጥ ከወርዱ 0.3 በመቶ ገደማ ስለሚለዋወጥ 10 ሴንቲ ሜትር የሆነ ጣውላ 2.4 ሚሊ ሜትር ሊሰፋ ይችላል። በ4 ሜትር ክፍል ይህ ተደምሮ ወደ 10 ሴንቲ ሜትር ይጠጋል። እንጨቱ ቫርኒሽ ስላለውና ክረምቱም አጭር ስለሆነ ሙሉውን መጠን አይደርስም፤ ግማሹ እንኳ ግን በግድግዳ ሥር በተተወ የአንድ ጣት ክፍተት አይቻልም። መፍትሔው ጠባብ ጣውላ መምረጥ ነው። 7 ሴንቲ ሜትር ወርድ ያለው ጣውላ በ4 በመቶ ለውጥ 0.8 ሚሊ ሜትር ብቻ ይሰፋል። በየሁለቱ ጣውላ መካከል ቀጭን የቆርቆሮ ቁራጭ እያስገቡ መምታትና በኋላ ቁራጩን ማውጣት አንድ ሚሊ ሜትር ያህል ክፍተት ይተዋል፤ በዚያ ላይ በግድግዳው ዙሪያ 1.5 ሴንቲ ሜትር ይተዋል።

የሥራው ቅደም ተከተል እንግዲህ የሚከተለውን ይመስላል። ከግንቦት ጀምሮ ስንጥቁ ይመዘገባል፣ አሸንዳና ቦይም ከዝናቡ በፊት ይሠራል። ክረምቱ ያሳየው ነገር በጥቅምት ይገመገማል። ጥገናው በደባርቅና በዳባት በኅዳር ይከናወናል። በጨነቅ ግን ውርጭ የሚበረታበትን ጊዜ መሸሽ ያስፈልጋል፤ በጥቅምት መጀመሪያ ካልተደረሰ እስከ የካቲት ማዘግየት ወይም ልውሱን ሌሊት በገለባና በሸራ አልብሶ ማሳደር ግድ ይሆናል። በዚያ ቅዝቃዜ ቶሎ የሚጠነክረው ኦፒሲ ሲሚንቶ ዘግይቶ ከሚጠነክረው ፒፒሲ ይመረጣል። በጋው ለመድረቅ ይተዋል። ጣውላው ቢያንስ ሁለት ሳምንት በሚነጠፍበት ክፍል ውስጥ ተደርድሮ ይቆያል፤ ከመጋቢት መጨረሻ እስከ ግንቦት ባለው ጊዜ፣ የአርማታው ንባብ ከ75 በመቶ በታች መሆኑ ከተረጋገጠ ወይም ፕላስቲኩ ያለ እንከን መዘርጋቱ ከታየ በኋላ፣ ይመታል። በዚህ ወቅት እንጨቱ ደረቅ ስለሆነ መጪው ለውጥ መስፋት ነው፤ ከላይ የተተወው ክፍተትም ለዚሁ ነው። በግድግዳው ሥር የቀረውን ክፍተት የሚሸፍነው ዞኮሎ ከግድግዳው ጋር ብቻ ይመታል፤ ሚስማሩ ወደ ወለሉ ከገባ ክፍተቱ እንዳልተተወ ይቆጠራል።